ውሻ የማያስር ገመድ

ወሰኔን የሰደበው ተክለጻድቅ ነው። ቀኑ የየካቲት ኪዳነ ምሕረት ማግስት፣ የአገሩ የጋራ የሣር መሬት፣ ጓሳው፣ ስንት ዘመን ተዘግቶ ከርሞ ለአጨዳ የተከፈተበት የመጀመሪያው ጠዋት ነበር። ወሰኔን ሰዓቱን እንኳ ቢጠይቁት ይናገራል፤ አመዳዩ ከሣሩ ጫፍ ሟሙቶ፣ በቆፈን የደረቀ የሰው እጅ ማጭድ ለመጨበጥ የሚፍታታበት ሰዓት።

የአፈወርቅ አህያ ጭነቷን ይዛ ቁልቁለቱን ስትጀምር ነው ከወሰኔ የተገዛው የጭነቷ ገመድ የተበጠሰው። የታጨደው ሣር ተዘርግፎ ተንከባለለ፣ አህያዋ እየፈረጠጠች ወረደች፣ ሰው ሳቀ። ሳቁስ ምንም አይደለም፤ በመንዝ ወድቆ ሳይሳቅበት የተነሣ ማን አለ። ተክለጻድቅ ግን የጓሳው ኮሚቴ ሰብሳቢ ነውና ከፍ ካለ ድንጋይ ላይ ቆሞ፣ የተበጠሰውን ጫፍ ለሕዝቡ እያሳየ፣

«የወሰኔ ገመድ እንኳን ጭነት፣ ውሻም አያስር» አለ።

ወሰኔ ወርዶ ሌላውን ጫፍ አነሣ። ግራኝ ስለሆነ የእሱ ገመድ ጥምዙ ወደ ግራ ነው የሚሄደው፤ በመሐል ሜዳ ገበያ ከገመድ ክምር መካከል ዓይነ ስውር እንኳ ዳብሶ ይለየዋል። ጫፉን አገላብጦ አየው። በጉልበት የተበጠሰ ገመድ ጭራ ያወጣል፣ የሣሩ ጭረት አንዱ ከአንዱ ይበላለጣል። ይኼ ግን ክርክም ያለ ነበር። የአይጥ ጥርስ ነው። አፈወርቅ ክረምቱን ሙሉ ከጎተራ ሥር ጥሎት ከርሞ አይጥ ሲበላው ባጅቷል። ወሰኔ ይህንኑ ተናገረ፤ ነገር ግን ሰዉ ሁሉ ይስቅ ስለነበር ነገሩን ማንም አልሰማለትም።

ተክለጻድቅ ባዳ ቢሆን ኖሮ ይሻል ነበር። አብሮ አደጉ ነው፤ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ነው ፊደል የቆጠሩት። አራተኛ ክፍል ሳሉ መምህሩ የወሰኔን ግራ እጅ በማስመሪያ እየመቱ «በግራ የሚጽፍ በዕለተ ምጽአት በግራ ይቆማል» ሲሉ ከሁሉ ቀድሞ የሳቀው እሱ ነበር። ወሰኔ ከዚያ ወዲያ ትምህርት ቤት አልተመለሰም። ተክለጻድቅ ስምንተኛን ጨርሶ ኮሚቴ ሆነ፣ በስብሰባ ላይ የሚናገር ሰው ሆነ። የዚያን ጊዜውን ሳቅና የዚህኛውን ሳቅ ወሰኔ ለብቻው ተቀምጦ እንደ ሁለት ጭረት አንድ ላይ ገመዳቸው።

ስድቡም እንደሌላው ስድብ በቀኑ አልሞተም። ገበያ ላይ ገመዱን ዘርግቶ ሲቀመጥ፣ የሚገዛውም የማይገዛውም ጎንበስ ብሎ «ወሰኔ፣ ይኼኛውስ ውሻ ያስራል?» ይለዋል። ቀድሞውንም ሰው ወደ ናይሎን እየዞረ ነበር፤ ሲስቁበት ደግሞ ጨርሶ ዞረ።

በዚያው ክረምት ቡችላ አሳደገ። የአገሩ ሰው በጎረቤቱ ላይ ነገር ሲኖረው በሰው ፊት አይናገረውም፤ በውሻው ስም ያወጣዋል። ወሰኔም ውሻውን «ታሰረ» ብሎ ጠራው። በግራ እጁ በገመደው ገመድ አሥሮ በተክለጻድቅ በር ሲያልፍ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ና ታሰረ! እግሬ ሥር ሂድ ታሰረ!» ይላል። ተክለጻድቅ ነገሩ ገብቶታል፤ ግን ይስቃል። ያ ሳቁ ነው ወሰኔን የሚያቃጥለው። ሚስቱ እታገኝ አንድ ቀን፣ ውሻው ምን በደለ፣ የሰው ቂም በአንገቱ የሚዞር አለችው።

ጓሳ ማለት ሣሩም ነው፣ ሣሩ የሚበቅልበት ደጋም ነው። ጣራ የሚከደነው፣ ለዝናብ የሚለበሰው ገሳ የሚሰፋው፣ ገመድ የሚገመደው በእሱ ነው። ከአቅኚ አባቶች ጀምሮ ይዘጋል፣ ሣሩ ሲበቃ ይከፈታል። በተዘጋ ጊዜ ገብቶ የተገኘ ድሮ ጣራው ይነድበት ነበር ይባላል፤ ዛሬ ይቀጣል፣ ከቅጣቱ በላይ ደግሞ ስሙ ይጠፋል። በሣሩ ውስጥ ያለው ፍጥረትም አብሮ ተከብሮ ኖረ። ጭላዳ ዝንጀሮው ከገደሉ ወጥቶ ሣሩን ይነጫል፣ አይጥና ፍልፈሉ ከሥር ይቆፍራል፣ ቀይ ቀበሮው በመካከላቸው እየተራመደ አይጡን ይለቅማል። ጉሮሮው ነጭ፣ የጅራቱ ጫፍ ጥቁር የሆነ፣ ቀጠን ያለ አውሬ ነው። ከእኛ አገር ደጋ በቀር በዓለም ላይ የለም ይላሉ የሚያውቁት። ወሰኔም በእሱ ላይ ክፉ የለውም ነበር። ከፍጥረት ሁሉ ስቆበት የማያውቅ እሱ ነውና።

በዓመቱ ኅዳር ሲገባ፣ በራቤል መንገድ የበግ ነጋዴ መኪና ተከትሎ የመጣ ባለቤት የሌለው ውሻ በመንደሩ አለፈ። ዓይኑ ደም መስሎ፣ ማንንም ሳያይ በቀጥታ የሚሮጥ ውሻ ነበር። የወሰኔን ታሰረ አንገቱ ሥር ነክሶት አለፈ፤ ወዴት እንደሄደም አልታወቀ። ወሰኔ ቁስሉ ላይ አመድ ነስንሶ ተወው። ነገሩ ትንሽ መሰለው።

እሑድ ቅዳሴ እንደወጣ ተክለጻድቅ ደጀ ሰላሙ ፊት ቆሞ፣ የእንስሳት ሐኪሟ እፀገነት በኅዳር ሚካኤል ዋዜማ ከመሐል ሜዳ እንደምትመጣና የመንደሩን ውሻ ሁሉ እንደምትከትብ ተናገረ። የእብድ ውሻ በሽታ ከመንደር ወደ ጓሳው ከወጣ ቀይ ቀበሮው እንደማይተርፍ፣ አንዱ ሲታመም ቤተሰቡን ሁሉ እንደሚጨርስ እሷ የነገረችውን ለሕዝቡ አስረዳ። ጥሩ አድርጎ ነበር የተናገረው። እዚያ ላይ ቢያቆም ኖሮ!

«እንግዲህ ውሻ ያለው ሁሉ በገመድ አስሮ ይምጣ» አለ። ቀጥሎ ዓይኑ ከወሰኔ ላይ አረፈና ፈገግ አለ። «ወሰኔ ግን ለዕለቱ ናይሎን ይዋስ።»

ካህኑ አባ ወልደ አማኑኤል እንኳ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሳቁ። ወሰኔ በርኖሱን ተከናንቦ ወጣ። በመንገድ ላይ ሆኖ አንድ ነገር ወሰነ፤ ተክለጻድቅ ይህን ውሻ በዓይኑ አያየውም፣ በእጁም አይነካውም። ቤት ቢደብቀው ይጮኻል። ጎረቤት ቢሰጠው ይወራል። ያን ዕለት የሰው እግር የማይደርስበት አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ ከአጨዳው በኋላ ዳግም የተዘጋው ጓሳ።

በሚካኤል ዋዜማ ጎሕ ሲቀድ ውሻውን ይዞ ወጣ። ጉሙ ገና አልተነሣም። ገመዱ አዲስ ነበር፣ ሦስት ሆኖ የተገመደ፣ ለዚሁ ብሎ የሠራው፤ እንኳን ውሻ በሬ ይይዛል። ከጓሳው በታች ካለችው ወንዝ ሲደርሱ ውሻው ቆመ። ወሰኔ ጎተተው። ውሻው ውኃውን አይቶ እንደ እሳት ወደ ኋላ ሸሸ፣ ጉሮሮው ውስጥ የታነቀ ድምፅ ተሰማ፣ ለሃጩ በደረቱ ወረደ። ወሰኔ ቁልቁል አየው። ነገሩ ምን እንደሆነ ያውቃል፤ በመንዝ ውኃ የፈራ ውሻ ምን እንደሆነ የማያውቅ የለም። ለጥቂት ጊዜ እዚያው ቆመ። ቢመለስ ውሻውን ይዞ የሚገባው ሰዉ ለክትባት በሚሰበሰብበት በር ነው፤ ተክለጻድቅም እዚያው ነው። ብርዱ ነው አለ ለራሱ፤ ተሸክሞ አሻገረው።

ወደ ራቤል በሚያየው ሸንተረር ሥር፣ በቋጥኝና በጅባራ ተክል መካከል፣ ገመዱን በድንጋይ ወገብ አዙሮ ቋጠረው። ቂጣ ጣለለት፤ አልቀመሰም። ሲመለስ የውሻው ጩኸት ተከተለው፤ የውሻ ጩኸት ግን አይመስልም ነበር። ከሸንተረሩ ወዲያ አንድ ቀይ ቀበሮ ቆሞ፣ ጆሮውን ወደዚያ ቀስሮ፣ ሲያዳምጥ አየ።

እፀገነት ከሰዓት በኋላ ተክለጻድቅን አስከትላ ወሰኔ ደጅ መጣች። ልጅ ናት፣ የገበሬ ልጅም ስለሆነች አነጋገሯ ትሕትና አለው።

«ጋሼ ወሰኔ፣ ውሻዎትን አላመጡልንም» አለችው።

«ውሻ የለኝም። ጅብ በልቶታል።»

ተክለጻድቅ የአጥሩን በር ተደግፎ «ጅብ ገመዱን ፈታ ማለት ነው?» አለና ሳቀ። እፀገነት አልሳቀችም። ጅቡ መቼ እንደበላው፣ ውሻው ከዚያ በፊት ተነክሶ እንደሆነ ጠየቀችው። ወሰኔ የጀመረውን ገመድ መግመዱን ቀጠለ። እታገኝ ከጓዳ ሆና ሁሉን ትሰማለች፤ ወጥታ ግን አልተናገረችም።

በሚካኤል ዕለት ሰዉ ንግሥ ላይ ሳለ ወሰኔ ጓሳ ወጣ። ቋጥኙ ሥር ግማሽ ገመድ ተጋድሟል። ውሻው የለም። ተንበርክኮ ጫፉን አነሣና አየው፤ ክርክም ያለ ነው። ዙሪያውን የአይጥ ጉድጓድ ነው፤ ቂጣውን ሊበሉ መጥተው ቂጣው የነካካውን ገመድ አብረው በልተውታል። ከሁሉ በፊት የተሰማው ነገር ደስታ ነበር። «አላልኩም?» አለ ብቻውን። «አይጥ ነው አላልኩም?» ከዚያ በኋላ ነው እርጥቡ መሬት ላይ የቀረውን ምልክት ያየው። ውሻው የገመዱን ሌላ ግማሽ እየጎተተ ሄዷል፤ መጎተቻው መጀመሪያ የሚሄደው በቀጥታ በራቤል በኩል ወዳለው የቀበሮዎች ጉድጓድ ነው። እዚያ ሣሩ ተደፍጥጧል፣ ድንጋዩ ላይ ደምና ቀይ ጸጉር አለ። ከዚያ ምልክቱ ወደ መሐል ሜዳ ወገን ዞሮ ጠፋ። ሌላ የቀበሮ ቤተሰብ ባለበት በቀየት በኩል አላለፈም።

የያዘውን ግማሽ ገመድ ጠቅልሎ በርኖሱ ውስጥ ከተተና ወረደ። ለማንም አልተናገረም።

ሳምንታት አለፉ። ገብሱ ደረሰ፣ አጨዳ ተጀመረ። በመጀመሪያ ወሬውን ያመጡት በግ ጠባቂዎች ናቸው፤ ቀይ ቀበሮ በጠራራ ፀሐይ በበጉ መካከል አልፎ አንድም በግ ሳያይ ሄደ አሉ። ሌላው ከምንጭ አጠገብ ሞቶ ተገኘ። ወሬውን የሰማው ወሰኔ እግሩ አላስቀመጠውም። የውሻውን ሬሳ አግኝቶ ቢቀብረው ነገሩ አብሮ የሚቀበር ስለመሰለው አንድ ጠዋት ተደብቆ ወጣ።

ጭላዳዎቹ ሜዳው ላይ ተሰማርተው ነበር። ወንዱ ጋማውን ነፋስ እያበጠረው ተቀምጧል፣ ሴቶቹ ሣር ይነጫሉ። ሁልጊዜ እንደሚያደርገው አንድ ቀይ ቀበሮ ከወዲያ መጣ። ጭላዳ ከእሱ ሸሽቶ አያውቅም፤ ከጥንትም ጎረቤት ናቸው። አሁን ግን ዳር ላይ የሚጠብቀው ጭላዳ ጮኸ። አንዱ ጩኸት ሌላውን እያስነሣ መንጋው በሙሉ ልጁን አዝሎ ወደ ገደሉ ፈሰሰ፤ ሜዳው በአንድ አፍታ ባዶ ሆነ። ቀበሮው ቀጥ ብሎ መጣ። መንጋጋው ተንጠልጥሏል፣ የኋላ እግሩ ይጎተታል፣ ነጩ ጉሮሮው በለሃጭ ጨቅይቷል። ወሰኔ ዱላውን አነሣ፤ ቀበሮው ግን አላየውም። እንደ ድንጋይ ቆጥሮት በአጠገቡ አልፎት ሄደ። ጥቂት ሄዶ ወደቀ፣ ተነሣ፣ አየሩን ነከሰ፣ ወደቀ። ወሰኔ ዱላውን እንዳነሣ ቆሞ ቀረ። የውሻውን ሬሳ ሳይፈልግ ተመለሰ።

ከዚያ ወዲህ ቤቱ ሌላ ሆነበት። ግድግዳው ላይ በተሰቀለው የገመድ ጥቅል ውስጥ አይጥ ሲከረክም ይሰማዋል። ድሮም ነበረ፤ አሁን ግን ጆሮው ከእሱ ሌላ ነገር አይሰማም። እታገኝ አንድ ቀን አጠገቡ ተቀምጣ ቀስ ብላ፣ ጅብ የበላው ውሻ ገመዱ ለምን በርኖስህ ውስጥ ተገኘ አለችው። ደግሞም፣ ያቺ ሐኪም ልጅ ጠይቃህ ነበር፣ አሁንም ብትነግራት አትቆጣህም አለችው። ተክለጻድቅን ደስ ላሰኘው ነው ወይ አላት። «ተክለጻድቅ ምን አለበት እዚህ?» አለች። እሱ ግን በሁሉ ነገር ውስጥ ተክለጻድቅን ነው የሚያየው።

በታኅሣሥ ገብርኤል ማግስት ሕዝቡ ደጀ ሰላም እንዲሰበሰብ ተጠራ። እፀገነት በመኪና መጥታለች፤ መኪናዋ ሞተሯ ሳይጠፋ ከአጥሩ ውጭ ቆማለች። ልጅቱ እንቅልፍ ያጣች ትመስላለች። በመሐል ሜዳ ወገን የነበረው የቀበሮ ቤተሰብ እናትየውን ጨምሮ ማለቁን፣ ቡችሎቹ ጉድጓዱ አፍ ላይ መገኘታቸውን ተናገረች። የቀሩት ሁለት ቤተሰብ ናቸው አለች፤ አንዱ በራቤል በኩል፣ አንዱ በቀየት በኩል። ክትባቱ የታመመውን አያድንም፤ የሚያድነው በሽታው ያልደረሰበትን ነው። አውሬ መከተብ ደግሞ እንደ ውሻ አስሮ አይደለም፤ አንዱን ቤተሰብ እስኪያዳርሱ ሌላው ጊዜው ያልፍበታል። በሽታውን ወደ ጓሳው ያወጣው ውሻ መቼና በየት እንዳለፈ ካላወቁ መንገዱ ለመኪና በሚቀናው በራቤል በኩል ይጀምራሉ።

ወሰኔ ከኋላ፣ ከደጀ ሰላሙ የጽድ ዛፍ ሥር ቆሟል። በራቤል በኩል ጊዜው እንዳለፈ፣ ሊድን የሚችለው የቀየቱ ብቻ እንደሆነ ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም። ድንጋዩ ላይ የነበረው ደምና ቀይ ጸጉር ዓይኑ ላይ መጣ።

ያኔ ተክለጻድቅ ከኪሱ ግማሽ ገመድ አወጣ። ከእናትየው ቀበሮ ጉድጓድ አጠገብ የተገኘ ነው አለ። እንደ ያኔው ከፍ አድርጎ አላሳየውም፤ ማሳየትም አላስፈለገውም፣ ጥምዙ ወደ ግራ መሆኑን ከፊት ያሉት ሁሉ አይተዋል። ራሶች አንድ በአንድ ወደ ጽዱ ዞሩ። ወሰኔ ሳቁን ጠበቀ። የሳቀ ግን የለም። ተክለጻድቅ በሕዝቡ መካከል አልፎ መጣና አጠገቡ ቆመ። ድምፁ የስብሰባ ድምፅ አልነበረም።

«ወንድሜ ወሰኔ» አለው። «ጫፉን አየሁት። አልተበጠሰም፤ አይጥ ነው የበላው። የዚያን ጊዜውም እንደዚሁ ነበር፤ አንተም ነግረኸን ነበር፣ አልሰማንህም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ በሰው ፊት ሰድቤሃለሁና በሰው ፊት ይቅር በለኝ። ቅጣት የሚልህም የለም። መቼ እንደሆነና በየት እንደሄደ ብቻ ንገረን።»

ወሰኔ ገመዱን አየው። ያን ቃል ስንት ጊዜ ብቻውን ሆኖ በሐሳቡ ሰምቶታል፤ ገመድ ሲገምድ፣ ከገበያ ሲመለስ፣ ተክለጻድቅ በሰው ፊት «ያጠፋሁት እኔ ነኝ» ሲል። አሁን ሲሰማው ግን ትንሽ ነበር። ዋጋ የሚጠየቅበት ይቅርታ ነው። ቀበሮ ባይሞትበት ይለው ነበር? የገመዱን ጫፍ አንሥቶ ያየለት የቀበሮ ነገር ሲሆን ነው፤ የወሰኔ ነገር በሆነ ጊዜ ከድንጋይ ላይ ሆኖ ነው ያሳየው። ይህን እያሰበ ሳለ ምላሱ ላይ ሁለት ቃል ተቀምጧል፤ ሚካኤል፣ ራቤል። ሁለት ቃል ብቻ ነው። ወንዟ ጋ ውሻው ያሰማው የታነቀ ድምፅ ትዝ አለው።

«አንተ ልጅ» አሉ አባ ወልደ አማኑኤል፣ «ስለ እመ ብርሃን ብለህ።»

ወሰኔ በርኖሱን ወደ ትከሻው ሰበሰበና ተክለጻድቅን በጎን አልፎ ወደ በሩ አመራ። ሰዉ መንገድ ለቀቀለት፤ የነካው የለም። እታገኝ ከሴቶቹ መካከል ቆማ ነበር፤ ባለፈባት ጊዜ ዓይኗን ከመሬት አላነሣችም።

«ጋሼ ወሰኔ» አለች እፀገነት ከኋላው። «ከሚካኤል በፊት ነው በኋላ? እሱን ብቻ ይንገሩኝ።»

የመኪናዋን በር ሲዘጉ ሰማ። ከአጥሩ ወጥቶ የገብሱን ቃርሚያ ዳር ዳር ይዞ ሄደ። መኪናዋ ከኋላው አቧራ አስነሥታ ወጣችና መገንጠያው ላይ ጥቂት ቆመች። ከዚያ ወደ ራቤል ዞረች። ወሰኔ እርምጃውን ሳያጓድል መሄዱን ቀጠለ።